«ጠፋ» የተባለው ሰው የት ነው? የፀረ ኤች.አይ.ቪ. ሕክምና ክትትልን እንዴት እንለካለን?

ስለ ኤች.አይ.ቪ. መተላለፊያ መንገዶችና ስለ ምርመራ ጥቅም በየክበባችሁ ብዙ ተምራችኋል። ዛሬ የማነሣው ከምርመራው በኋላ ስላለው ጉዳይ ነው። አንድ ሰው ተመርምሮ መድኃኒቱን ከጀመረ በኋላ በክትትሉ ላይ መኖሩን ወይም አለመኖሩን በምን እናውቃለን? እኔ የጤና መረጃ ባለሙያ ስለሆንኩ ሥራዬ ከመርፌና ከኪኒን ይልቅ ከመዝገብ ጋር ነው። በመዝገቡ ላይ ደግሞ ሁልጊዜ የምታስጨንቀኝ አንዲት ቃል አለች፤ «ጠፋ» የምትል።

በአገራችን የፀረ ኤች.አይ.ቪ. መድኃኒት በነፃ መሰጠት የጀመረው በ1997 ዓ.ም. ነው። በዚያን ጊዜ ሁሉም የሚጠይቀው «ስንት ሰው ጀመረ?» እያለ ነበር። መጠየቁም ተገቢ ነበር፤ መድኃኒት ሳያገኙ የሚያልፉ ወገኖቻችን ብዙ ነበሩና። ይሁን እንጂ እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመ፣ ከሰሃራ በታች ባሉ አገሮች የሚሰጠውን ሕክምና የቃኘ ጥናት አንድ አስደንጋጭ ነገር አሳየ። ሕክምናውን ከጀመሩ 100 ሰዎች ከ2 ዓመት በኋላ በክትትል ላይ የተገኙት 60 ያህሉ ብቻ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመ የኢትዮጵያ ጥናትም ታካሚዎችን በክትትል ማቆየት ትልቁ ፈተና እንደሆነና ውጤቱም ከአንዱ ጤና ተቋም ወደ ሌላው በጣም እንደሚለያይ ገልጿል።

«ስንት ሰው አለን?» የሚለው ቁጥር ብቻውን እንዴት እንደሚያታልል በምሳሌ ላስረዳ። አንድ ጤና ጣቢያ ዓመቱን በ500 ታካሚዎች ጀምሮ በ520 ጨረሰ እንበል። ሪፖርቱ ሲነበብ «20 ጨምረናል» ይባልና ይጨበጨባል። ግን በዓመቱ ውስጥ 80 አዲስ ታካሚዎች ገብተው ከሆነ 60 ሰዎች ወጥተዋል ማለት ነው። የሚያፈስ እንስራ ላይ ውኃ እየጨመሩ «ሞልቷል» እንደ ማለት ነው። ስለዚህ በአንድ ወቅት የጀመሩትን ሰዎች ለይቶ ከ12 ወር በኋላ ስንቶቹ እንዳሉ መከታተል ያስፈልጋል።

አንድ ሰው፣ አምስት መልስ

አሁን ወደ ዲላ እንምጣ። ስሙ ለትምህርታችን የማይጠቅም አንድ ወጣት እንበል፤ ክትትሉ ዲላ ነው፤ በቡና ወቅት ይርጋጨፌ ወይም ኮቸሬ ወርዶ እሸት ቡና ማጠቢያ ጣቢያ ይሠራል። በቀን አንድ ፍሬ ይወስዳል፤ በየቀጠሮው 60 ፍሬ ይሰጠዋል። መስከረም 10 መጣና ወሰደ። ኅዳር 10 ቀጠሮው ነበር፤ ቡናው ደርሶ ሥራው አላስወጣ ስላለው ሳይመጣ ቀረ። የመጣው ታኅሣሥ 20 ነው። የካቲት 20 በቀኑ መጣ። ሚያዝያ 20 የነበረውን ቀጠሮ አሳልፎ ሚያዝያ 25 መጣ። ሰኔ 25 እና ነሐሴ 25 በቀኑ ተገኘ።

ይህ ወጣት በክትትል ላይ ነበር ወይስ አልነበረም? እስቲ እናስላ።

ዓመቱን በአራት ሩብ ዓመት ከፍለን «በእያንዳንዱ ሩብ ዓመት ቢያንስ አንድ ጊዜ መጥቷል ወይ?» ብለን ከጠየቅን መልሱ 4 ከ4 ነው። መቶ በመቶ! ቀጠሮውን በዕለቱ ማክበሩን ከቆጠርን ግን ከ6 ቀጠሮ ያከበረው 4 ነው፤ ይህም 67 በመቶ ገደማ ነው። መድኃኒት በእጁ የነበረበትን ቀን ስንቆጥር ደግሞ ሌላ መልስ እናገኛለን። ከመስከረም 10 እስከ ነሐሴ 25 ድረስ 345 ቀን ነው፤ በመጀመሪያ 40 ቀን፣ በኋላ 5 ቀን ያለ መድኃኒት ቆይቷል። የተረፈ ኪኒን ካልነበረው 300 ቀን ብቻ ወስዷል ማለት ነው፤ 87 በመቶ።

ገና አልጨረስንም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው መመሪያ መሠረት ከቀጠሮው ከ28 ቀን በላይ ያለፈው ሰው ከክትትል እንደጠፋ ይቆጠራል። በዚህ መለኪያ ወጣታችን ከታኅሣሥ 9 ጀምሮ ጠፍቷል። በአገራችን መዝገብ ለረጅም ጊዜ የተለመደው አሠራር ደግሞ ከ1 ወር እስከ 3 ወር የቀረውን «ጠፋ»፣ ከ3 ወር በላይ የቀረውን «አቋረጠ» ማለት ነው። በዚህኛው ለጥቂት ቀናት ቢጠፋም አላቋረጠም። የዓመቱን መጨረሻ ብቻ የሚያይ ሰው ካለ «ይኸው ነሐሴ ላይ አለ፣ ምን ችግር አለው?» ይላል።

ታዲያ የትኛው ነው ትክክል? በእኔ አስተያየት ልኬቱን መመዘን ያለብን በቫይረሱ ጠባይ ነው። መድኃኒቱ ሲቋረጥ ቫይረሱ አብዛኛውን ጊዜ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ እንደገና ይራባል። ለሪፖርት እንዲመች 90 ቀን ተቀምጦ አይጠብቅም። ስለዚህ የ40 ቀኗ ክፍተት «መቶ በመቶ» በምትለዋ ቁጥር ውስጥ መደበቋ አደገኛ ነው። አምስት ቀን ማርፈድ እና አርባ ቀን መቅረትም እኩል «ያልተከበረ ቀጠሮ» ተብለው መቆጠራቸው ሌላ ስሕተት ነው። አንድ ቁጥር ብቻ ምረጥ ብባል ያለ መድኃኒት ያለፉትን ቀናት እመርጣለሁ።

የሩብ ዓመቱ መለኪያ ሌላም ጉድለት አለው። በአገራችን ከእ.ኤ.አ. 2017 ጀምሮ ጤንነታቸው የተረጋጋ ታካሚዎች የ6 ወር መድኃኒት በአንድ ጊዜ የሚወስዱበት አሠራር ተጀምሯል። እንዲህ ያለው ሰው በዓመት ሁለት ጊዜ ብቻ ነው የሚመጣው። በሩብ ዓመቱ መለኪያ ሲለካ 2 ከ4፣ ማለትም 50 በመቶ ያገኛል። ጎበዙ ተማሪ ወደቀ እንደ ማለት ነው! መለኪያው የተሠራው ቶሎ ቶሎ ለሚመጣ ታካሚ ነበር፤ አሠራሩ ሲለወጥ መለኪያውም አብሮ መለወጥ ነበረበት።

ጠፉ የተባሉት የት ሄዱ?

ይህ ከሁሉ የከበደው ጥያቄ ነው። በኡጋንዳ ምባራራ የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2008 የታተመ ጥናት ብልህ ዘዴ ተጠቅሟል። ከ800 በላይ ሰዎች ከክሊኒኩ ጠፍተው ነበር። ሁሉንም መፈለግ ስለማይቻል በናሙና 128 ሰዎች ተመርጠው በየመንደራቸው ተፈለጉ። ከተገኙት መካከል የሞቱ ነበሩ፤ በሕይወት ካሉት ውስጥም ሌላ ክሊኒክ ሄደው መድኃኒታቸውን የሚወስዱ ተገኙ። በመዝገቡ ላይ ግን ሁሉም አንድ ስም ነበራቸው። የሞተው «ጠፋ» ተብሎ ሲጻፍ የሕክምናው ጉዳት ይደበቃል፤ ተዛውሮ በደኅና ያለው «ጠፋ» ሲባል ደግሞ ስኬቱ ይደበቃል። መድኃኒት ያጣው ሦስተኛው ሰው ግን በሁለቱ መሐል ተሰውሮ ይቀራል። ፈላጊ የሚያስፈልገው እርሱ ነው።

በጌዴኦ ዞን ይህ መደባለቅ ለምን እንደሚበዛ መገመት አያስቸግርም። ዲላ ከአዲስ አበባ ወደ ሞያሌ በሚወስደው ዋና መንገድ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ ሾፌሩም ነጋዴውም ተማሪውም ያልፍባታል። የቡናው ሥራ በየወቅቱ ሰውን ከቦታ ቦታ ያንቀሳቅሳል። በ2010 ዓ.ም. በጌዴኦና በምዕራብ ጉጂ አካባቢ በተነሣው ግጭት በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ሲፈናቀል፣ ሰው ወደ መጠለያ ሲሸሽ የሕክምና ካርድ አብሮት አይሸሽም። ከዚህም ሌላ «ጎረቤት ያየኛል» ብሎ በቅርቡ ያለውን ጤና ጣቢያ ትቶ ሩቅ ከተማ የሚከታተል አለ። ትራንስፖርት ባጣ ጊዜ ይቀራል፤ አንዳንዱም ለማንም ሳይናገር ሌላ ቦታ እንደ አዲስ ይመዘገባል። ያን ጊዜ አንዱ ሰው በአንዱ መዝገብ «ጠፋ»፣ በሌላው «አዲስ» ይሆናል።

«የቫይረስ መጠን ምርመራ እያለ ይህ ሁሉ ቆጠራ ለምን?» የምትሉ ትኖራላችሁ። ምርመራው እጅግ ጠቃሚ ነው። ነገር ግን ደም የሚሰጠው የመጣ ሰው ነው። «ከተመረመሩት አብዛኞቹ ቫይረሱ ወርዶላቸዋል» የሚለው የምሥራች ስላልመጡት ምንም አይነግረንም።

ሰውየውን ራሱን መጠየቅም አንዱ የመለኪያ መንገድ ነው። በአሜሪካ የተዘጋጀ 10 ጥያቄ ያለው መመዘኛ አለ፤ ታካሚው ጥያቄ ለማንሣት ምን ያህል እንደሚደፍር፣ ስለ ሕክምናው ሲወሰን ምን ያህል እንደሚሳተፍ፣ ኑሮ ሲከብድበት ክትትሉን እንዴት እንደሚይዝ ይጠይቃል። እኔ ይህን እወደዋለሁ፤ ምክንያቱም ሰው ከመቅረቱ በፊት ልቡ ቀድሞ ይቀራልና። እኛ አገር ግን አንድ ነገር መታሰብ አለበት። መድኃኒት የምትሰጠው ሲስተር ራሷ «አገልግሎታችን እንዴት ነው?» ብላ ብትጠይቅ ይሉኝታ ያለበት ታካሚ «እግዜር ይስጥልኝ፣ በጣም ጥሩ ነው» ከማለት ሌላ ምን ይላል? ጠያቂው ሌላ ሰው ቢሆን ይሻላል።

ስለ ፍለጋው

የጠፉትን ሰዎች መፈለግ ሲነሣ አንዳንድ የክበብ አባላት በቅን ልቦና «ዝርዝሩን ስጡንና ቤት ለቤት እንፈልግ» ይላሉ። ይህ በፍጹም አይደረግም። ዝርዝሩ ምሥጢር ነው። የሚደውለውም ሆነ የሚሄደው በክሊኒኩ የተመደበ ሠራተኛ ነው፤ ያውም ታካሚው ሲጀምር «በዚህ ስልክ፣ በዚህ ሰው በኩል ብትፈልጉኝ ይሆናል» ብሎ ፈቃድ ሲሰጥ ነው። ስልኩን እናት ወይም የቤት አከራይ ቢያነሣ የበሽታው ስም ቀርቶ የክፍሉ ስም እንኳ አይጠራም።

ክትትል ላይ ያላችሁ ወጣቶች ደግሞ ለቡና ሥራም ይሁን ለትምህርት ከአካባቢ ስትወጡ ቀድማችሁ ለክሊኒኩ ተናገሩ፤ ብዙ ወር የሚያቆይ መድኃኒት ይሰጣችሁ እንደሆነ ጠይቁ። ለረጅም ጊዜ ከሆነ የዝውውር ወረቀት ያዙ። ስልክ ስትቀይሩ አዲሱን ቁጥር አስመዝግቡ።

«ሁለት ወር ቀርቻለሁ፤ ብሄድ ይቆጡኛል ወይ?» ብሎ የጠየቀኝ አለ። መድኃኒቱ ዛሬም በነፃ ነው። የቀረ ሰው ቀጠሮ ሳይጠብቅ በማንኛውም የሥራ ቀን መሄድ ይችላል፤ ስንት ቀን እንዳቋረጠ እውነቱን ይናገር፤ ሐኪሙ የሚያዘው ምርመራና መድኃኒት በዚያች ቁጥር ላይ ይመሠረታልና። መዝገቡ ላይም «ጠፋ» በምትለዋ ፋንታ ተመልሶ መጀመሩ ከነቀኑ ይጻፍለታል።