ሃይበርኔት አልል ያለው ላፕቶፕ

ጥያቄ፦ የላፕቶፔ ባትሪ ስለደከመና መብራቱም ስለማያስተማምን ከቦታዬ ስነሳ ሃይበርኔት አደርገው ነበር። አሁን ግን ስክሪኑ ይጨልምና ወዲያው ተመልሶ የይለፍ ቃል ይጠይቀኛል። ጠጋኙ «ሲ ድራይቭ ሞልቶ ነው» አለኝ። ዊንዶውስ 10 ነው። ምን ይሻለኛል?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ስሊፕ ራሙን በኤሌክትሪክ ስለሚያቆይ መብራት ሲጠፋ ሥራዎ አብሮ ይጠፋል፤ ሃይበርኔት ግን ሁሉን ዲስክ ላይ ጽፎ ማሽኑን ያጠፋል። ምርጫዎ ትክክል ነው። የዲስኩ ጥርጣሬ ግን ብዙም አያሳምነኝም። ዊንዶውስ ለዚህ የሚሆነውን ፋይል አስቀድሞ ሲ ድራይቭ ላይ ይይዛል፤ መጠኑም አብዛኛውን ጊዜ ከራሙ 40 በመቶ ገደማ ነው። ፋይሉ ባይኖር ኖሮ ሃይበርኔት የሚለው ምርጫ ራሱ ከሜኑው ላይ በጠፋ ነበር። «ፋይሉ ቢኖርም ጠቦ ቢሆንስ?» ቢሉ፣ ሊሆን ይችላል። ፕሮግራሞቹን ሁሉ ዘግተው ይሞክሩት፤ ያኔ እሺ ካለ ጠጋኙ ሲ ላይ ቦታ አስለቅቆ ፋይሉን ያስፋልዎት።

ያኔም እምቢ ካለ ድራይቨር ነው የምጠረጥረው። ዊንዶውስ ከመጥፋቱ በፊት እያንዳንዱን መሣሪያ በድራይቨሩ በኩል «ተዘጋጅ» ይለዋል፤ አንዱ ካልታዘዘ ነገሩ ይሰረዝና ልክ እርስዎ እንዳዩት ወደ ይለፍ ቃሉ ይመለሳል። ፍላሹን፣ ፕሪንተሩን፣ ዶንግሉን ነቅለው ይሞክሩ። ቀጥሎ የግራፊክስ ድራይቨሩን ከላፕቶፑ አምራች ድረ ገጽ፣ ለሞዴልዎ የወጣውን ብቻ አውርደው ይጫኑ (ከሰው ፍላሽ የተገለበጠውን ይተዉት)። የዊንዶውስ የክስተት መዝገብ በሆነው ኢቨንት ቪወር ውስጥ በሙከራው ደቂቃ የዲስክ ስህተት ተመዝግቦ ካገኙ ግን ሙከራውን አቁመው ፋይሎችዎን ወደ ሌላ ሃርድ ዲስክ ይገልብጡና ማሽኑን ለባለሙያ ያሳዩ።