ሁሉን ያጠቃለለ የጋራ ቤት ኪራይና የኑሮ ወጪ

ማናቸውም አስመጪ ከውጭ አገር ሻጭ የዋጋ ማቅረቢያ ሲደርሰው አስቀድሞ የሚመለከተው የገንዘቡን ልክ ብቻ ሳይሆን ከገንዘቡ አጠገብ የተጻፉትን ፊደሎች ነው። ኤፍ ኦ ቢ የተባለ እንደ ሆነ ሻጩ የሚችለው ዕቃው መርከብ ላይ እስኪጫን ድረስ ያለውን ወጪ ነው፤ ሲ አይ ኤፍ የተባለ እንደ ሆነ ግን የመርከቡ ማጓጓዣና የመድን ዋስትናው ጭምር በዋጋው ውስጥ ገብተዋል። ስለዚህ በ100 ብር የቀረበው ዕቃ በ110 ብር ከቀረበው ይረክሳል ብሎ፣ ሁለቱን በአንድ መሠረት ላይ ሳያስተካክል የሚፈርድ ነጋዴ አይገኝም፤ ቢገኝም ንግዱ አይሰነብትም።

ይሁን እንጂ ይኸው ጥንቃቄ ወደ ቤት ኪራይ ሲመጣ ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። በአዲስ አበባና በሌሎችም ከተሞች ውሃውን፣ መብራቱን፣ ጥበቃውን፣ አንዳንድ ጊዜም ኢንተርኔቱንና የቤት ዕቃውን በአንድ ዋጋ አጠቃልሎ ማከራየት የተለመደ ነው። ተከራዩ «ሁሉም በውስጡ ነው» ሲባል ደስ ይለዋል፤ አከራዩም አንድ ቍጥር ተናግሮ ይገላገላል። ነገር ግን በአንድ ቍጥር ውስጥ የተሸፈነው ወጪ ስለ ተሸፈነ አይጠፋም፤ አንዱ ወገን ሳያውቀው ይከፍለዋል።

ጉዳዩ ነጋዴውን በሦስት በኩል ይነካዋል። አንደኛ፣ የሱቅ ሠራተኛ ደመወዝ አነሰ ወይም በቃ የሚባለው ከኪራይ በኋላ በሚተርፈው ነው። ሁለተኛ፣ ብዙ ባለሱቆች ራሳቸው ከሱቃቸው ጀርባ ወይም በግቢያቸው ያለውን ክፍል ያከራያሉ። ሦስተኛ፣ ደንበኛው ለቤት ከከፈለ በኋላ የሚቀረው ገንዘብ ነው ወደ ገበያ የሚመጣው።

የጋራ አኗኗር በከተማችን

በአንድ ጣራ ሥር ወይም በአንድ ግቢ ወጪን ተካፍሎ መኖር አዲስ ነገር አይደለም። በ1967 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቍጥር 47 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤቶች የመንግሥት ንብረት ሲሆኑ፣ ኪራያቸው አነስተኛ የሆነው ቤቶች በቀበሌ እጅ ገቡ። በእነዚህም ቤቶች ዘመድ፣ ያገር ልጅ ወይም እንግዳ በደባልነት መኖሩ የታወቀ ነው። በ1990ዎቹ መጨረሻ ግድም የተጀመረው የጋራ መኖሪያ ቤቶች ሥራ ደግሞ አኗኗሩን ወደ ፎቅ አወጣው፤ አንዱን ባለ ሁለት መኝታ ቤት ሁለትና ሦስት ሠራተኞች ተጋርተው መከራየት ጀመሩ። ደባልነት እንግዲህ የችግር ምልክት ብቻ ሳይሆን የቍጠባም ዘዴ ነው። ቍጠባ መሆኑ የሚረጋገጠው ግን በሒሳብ ነው።

በአንዱ ዋጋ ውስጥ የሚገኙት ክፍሎች

ሁሉን ያጠቃለለ ኪራይ ሲመረመር ሦስት ዓይነት ወጪዎች ተቀላቅለው ይገኙበታል።

ሀ) ቋሚ ወጪ። የክፍሉ ኪራይ፣ የጥበቃ ደመወዝ፣ የኢንተርኔት ወርኃዊ ክፍያ የዚህ ዓይነት ናቸው። ነዋሪው አንድም ይሁን ሦስት ልካቸው ብዙም አይለወጥም።

ለ) ከሰው ቍጥር ጋር የሚያድግ ወጪ። ውሃ፣ የመጸዳጃ ማስመጠጫ፣ ቀለብ የተጨመረ እንደ ሆነም ምግብ እዚህ ይመደባሉ። ሰው በተጨመረ ቍጥር ይጨምራሉ።

ሐ) ከአጠቃቀም ጋር የሚያድግ ወጪ። ዋነኛው የኤሌክትሪክ መብራት ነው። ሁለት ሰዎች በአንድ ዓይነት ክፍል ቢኖሩም፣ አንዱ ከሌላው ብዙ እጥፍ ሊጠቀም ይችላል።

ተከራይም ሆነ አከራይ የሚሳሳተው እነዚህን ሦስቱን እንደ አንድ ሲቈጥር ነው።

ሁለት ክፍሎችን ማነጻጸር

ለትምህርት ያህል ብቻ በተወሰዱ ቍጥሮች ነገሩን ማየት ይቻላል። አንዱ ክፍል በወር 5,000 ብር ሲከራይ ሌላው ወጪ ለብቻው ይከፈላል እንበል፤ ይኸውም ውሃ 150 ብር፣ መብራት 300 ብር፣ ጥበቃና ቆሻሻ ማስወገጃ 250 ብር፣ የኢንተርኔት ድርሻ 400 ብር ነው። ድምሩ 6,100 ብር ይሆናል። ሁለተኛው ክፍል ሁሉን አጠቃልሎ 6,600 ብር ነው። በመጀመሪያ አስተያየት ልዩነቱ 1,600 ብር ይመስላል፤ በእውነቱ ግን 500 ብር ብቻ ነው።

ደግሞም ሁለተኛው ክፍል ለሥራ ቦታው ቅርብ ሆኖ በቀን 24 ብር የታክሲ ሒሳብ የሚያድን ከሆነ፣ በ25 የሥራ ቀን 600 ብር ይቀራል። ስለዚህ ውድ የተባለው ክፍል በ100 ብር ረክሶ ተገኘ ማለት ነው።

ነገር ግን ተከራዩ ኢንተርኔት የማይጠቀም ሰው ቢሆንስ? በመጀመሪያው ክፍል ያንን 400 ብር አይከፍልም፤ ወጪውም ወደ 5,700 ብር ይወርዳል። እንግዲህ የታክሲው ቍጠባ ከታሰበለት በኋላ እንኳ ሁለተኛው ክፍል ለእርሱ በ300 ብር ይወደዳል። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት፣ አንድ ዋጋ ለአንዱ ርካሽ ለሌላው ውድ ሊሆን መቻሉ ነው። በዋጋው ውስጥ የገባ ነገር ጥቅም የሚባለው ተከራዩ ለብቻው ቢሆንም ኖሮ ሊገዛው የሚፈቅደው ሲሆን ነው።

የመብራቱ ሒሳብ

በጋራ ግቢ ከሚነሡት ክርክሮች ብዙውን ጊዜ የሚያስቸግረው የመብራት ነው፤ ምክንያቱም ቆጣሪው አንድ ሲሆን ተጠቃሚዎቹ ብዙ ናቸው። የኤሌክትሪክ ምጣድ እስከ 3.5 ኪሎዋትና ከዚያም በላይ ይስባል። በሳምንት አንድ ቀን ለ2 ሰዓት ያለማቋረጥ ቢጋገርበት በአራት ሳምንት 28 ኪሎዋት ሰዓት ይፈጃል። ባለ 9 ዋት አምፑል ግን በየማታው 5 ሰዓት ቢበራ በ30 ቀን 1.35 ኪሎዋት ሰዓት ብቻ ነው። ምጣዱ ከአምፑሉ ከ20 እጥፍ በላይ ይበላል። ስለዚህ ጎረቤት አምፑል ሳያጠፋ አደረ ተብሎ መካሰስ ከንቱ ነው፤ ሒሳቡን የሚወስነው ምጣድ፣ ምድጃና ካውያ ነው።

ሁለተኛው ምክንያት ታሪፉ ነው። የመኖሪያ ቤት የመብራት ታሪፍ በደረጃ የተከፈለ ሲሆን፣ ብዙ የሚጠቀም ሰው ለአንዱ ኪሎዋት ሰዓት የሚከፍለው ዋጋ ጥቂት ከሚጠቀመው ይበልጣል። የመጀመሪያውና ርካሹ ደረጃ እስከ 50 ኪሎዋት ሰዓት ነው። አራት ቤተሰቦች እያንዳንዳቸው በየራሳቸው ቆጣሪ 50 ቢጠቀሙ ሁሉም በርካሹ ደረጃ ይቈያሉ፤ በአንድ ቆጣሪ ሲጠቀሙ ግን 200 ይሆንና ወደ ላይኛው ደረጃ ይወጣሉ። ፍጆታው ሳይጨምር ሒሳቡ ይጨምራል። አከራዩ «ሒሳቡ በዛብኝ» ሲል ሁልጊዜ ሐሰት አይደለም፤ ተከራዩም «ከወትሮው የተለየ አልተጠቀምኩም» ሲል ሁልጊዜ መካዱ አይደለም።

አሁንም አራት ክፍል የሚያከራይ አንድ ባለ ግቢ እናስብ። በየክፍሉ ኪራይ ውስጥ ለመብራት 350 ብር አስቦ በጠቅላላው 1,400 ብር ይሰበስባል። የወሩ ሒሳብ 1,150 ብር ሲመጣ 250 ብር ይተርፈዋል። ከዚያም አንዲቱ ተከራይ ለሰፈሩ ሱቆች እንጀራ ጋግራ ማቅረብ ትጀምራለች፤ ሒሳቡም 1,900 ብር ይደርሳል። አከራዩ 500 ብር ከሰረ። ከሚቀጥለው ወር ጀምሮ በየክፍሉ 150 ብር ቢጨምር ኪሳራውን ይሸፍናል፤ ነገር ግን ከ600 ብሩ ጭማሪ 450 ብሩን የሚከፍሉት ያልጋገሩት ሦስቱ ናቸው።

ይህ ለጋጋሪዋም የሚጠቅም አይደለም። የእንጀራዋን ዋጋ ስትተምን ጤፉን፣ ፌስታሉንና ድካሟን ቈጥራ መብራቱን ዘንግታለች። ለባለሱቁ የምታቀርበው በርካሽ ነው፤ ርካሽ የሆነው ግን ጎረቤቶቿ ስለ ከፈሉላት ነው። አከራዩ አንድ ቀን ምጣድ የከለከለ እንደ ሆነ፣ ወይም መብራቱን ለብቻዋ ያስከፈላት እንደ ሆነ፣ ትርፍ ይመስላት የነበረው ኪሳራ ሆኖ ይገለጣል፤ ባለሱቁም አቅራቢውን በድንገት ያጣል። መድኃኒቱ ለየክፍሉ ተጨማሪ ትንሽ ቆጣሪ ተክሎ እንደ ንባቡ መተሳሰብ ነው። ይህ ባይቻል እንኳ ለሽያጭ ለሚጋገረው የተለየ ክፍያ አስቀድሞ በስምምነት መወሰን ይገባል። ያን ጊዜ የእንጀራው ዋጋ እውነተኛ ዋጋ ይሆናል።

ለሁለት መኖር ወጪን በግማሽ አይቀንስም

ብዙ ወጣት ሠራተኞች «ደባል ካገኘሁ ወጪዬ በግማሽ ይቀንሳል» ይላሉ። ሒሳቡ ግን እንዲህ አይደለም። ብቻውን የሚኖር ሰው ለኪራይ 5,000፣ ለኢንተርኔት 800፣ ለምግብ 4,500 ብር ቢያወጣ ድምሩ 10,300 ብር ነው። ደባል ሲያገኝ ኪራዩ 2,500፣ ኢንተርኔቱ 400 ይሆናል፤ ምግቡ ግን በጅምላ ከመግዛት የተነሣ ጥቂት ቢቀንስም 4,200 ላይ ይቈያል። አዲሱ ድምር 7,100 ብር ነው። የዳነው 3,200 ብር፣ ማለትም ከመቶ 31 ያህል ነው። ይህም ትልቅ ገንዘብ ነው፤ ነገር ግን ግማሽ ነው ብሎ ዕቁብ የገባ ሰው ወሩ ሳያልቅ ይቸገራል።

ለባለሱቅ ደግሞ እዚህ ላይ የሚታሰብ ነገር አለ። በጋራ የሚኖሩ ሰዎች ተደራጅተው ሲገዙ ጤፉን በኩንታል፣ ዘይቱን በባለ አምስት ሊትሩ ይፈልጋሉ፤ ሳይስማሙ ሲቀሩ ግን እያንዳንዱ በየቀኑ ጥቂት ጥቂት ይገዛል። በሰፈሩ ያለውን አኗኗር ያጠና ባለሱቅ የትኛውን መጠን በብዛት ማስገባት እንዳለበት ያውቃል።

ሠራተኛውን ለሚያሳድር ነጋዴ

ብዙ ነጋድያን ሠራተኛቸውን በግቢያቸው አሳድረው ይመግባሉ። ይህ መልካም ልማድ ነው፤ ነገር ግን ማደሪያውና ቀለቡ የደመወዝ ክፍል ሆኖ የሚቈጠር ከሆነ ወሰን አለው። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቍጥር 1156 ደመወዝ በጥሬ ገንዘብ እንዲከፈል ያዛል፤ ሁለቱ ወገኖች ተስማምተው በዓይነት የሚከፈለው ከአካባቢው የገበያ ዋጋ መብለጥ የለበትም፤ በጥሬ ገንዘብ ከሚከፈለውም ደመወዝ ከመቶ 30 ሊበልጥ አይችልም። እንግዲህ ለሠራተኛው 6,000 ብር በእጁ የሚሰጥ አሠሪ በዓይነት የሚያስበው ቢበዛ 1,800 ብር ነው። ማደሪያውን 2,400 ብር አድርጎ ከደመወዝ መቍጠር የሚሻ ግን ጥሬ ገንዘቡ ከ8,000 ብር ማነስ የለበትም።

ከሕጉም ሌላ አንድ አስተውሎት ያስፈልጋል። ማደሪያ የሚመዘነው አሠሪው ባወጣበት ብቻ ሳይሆን ሠራተኛው በሚያገኝበት ጥቅም ነው። እንግዳ የማይቀበልበት፣ ከሥራ ሰዓት በኋላም «ና፣ ይህን ዕቃ አውርድ» የሚባልበት ክፍል በገበያ ዋጋው ልክ አይቈጠርለትም። ሥራውን ያጣ ቀን ቤቱንም አብሮ ማጣቱ ሌላው ያልተጻፈ ወጪ ነው።

ውሉ

በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቍጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቍጥር 1320 የኪራይ ውል በጽሑፍ እንዲሆንና እንዲመዘገብ፣ የውሉ ዘመን ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድመ ክፍያም ከሁለት ወር ኪራይ እንዳይበልጥ ደንግጓል። በረዥም ውል ውስጥ የመብራትና የውሃ ታሪፍ ሊለወጥ መቻሉ ግልጽ ነው። ስለዚህ ሁሉን ባጠቃለለ ዋጋ የሚዋዋሉ ሰዎች ከጠቅላላው ቍጥር ሥር የሚከተሉትን ለይተው ቢጽፉ ከክርክር ይድናሉ፤

1ኛ) ባዶው የቤት ኪራይ ስንት እንደ ሆነ፤
2ኛ) በዋጋው ውስጥ የገቡት አገልግሎቶች በስም፣ ለእያንዳንዱም የታሰበው ገንዘብ፤
3ኛ) የመብራቱና የውሃው ወሰን፣ ከወሰኑ ያለፈውን ማን እንደሚከፍል፤
4ኛ) ታሪፍ ቢለወጥ ልዩነቱ በማን ላይ እንደሚወድቅ፤
5ኛ) አንዱ ደባል ቢወጣ የእርሱን ድርሻ ማን እንደሚሸፍን፤
6ኛ) ውሃ ወይም መብራት ለብዙ ቀን ቢቋረጥ ምን እንደሚታሰብ።

ከእነዚህ አምስተኛው ብዙ ጊዜ ይረሳል። በሦስት ሰው አቅም የተያዘ ቤት በሁለት ሰው ትከሻ ላይ ሲወድቅ የ5,000 ብር ድርሻ በአንድ ቀን 7,500 ብር ይሆናል። ለዚህ መጠባበቂያ ያላሰበ ደባል ርካሽ ቤት አገኘሁ ማለት አይገባውም።

በጠቅላላው፣ ሁሉን ያጠቃለለ ኪራይ በራሱ ክፉም ደግም አይደለም። ወጪው በየወሩ የማይዋዥቅ መሆኑ ደመወዙ ለተወሰነ ሰው ዕረፍት ነው፤ ለዚያም ዕረፍት ጥቂት መጨመር እንደ መድን ዋስትና ይቈጠራል። መድን የሚገዛ ነጋዴ ግን ስንት እንደ ከፈለና ምን እንደ ተሸፈነለት ያውቃል። አከራይና ተከራይም፣ አሠሪና ሠራተኛም፣ ደባልና ደባልም በመካከላቸው ያለውን ሒሳብ እንዲሁ ገልጠው ቢያውቁት በወዳጅነት አብሮ መኖር ይቀላቸዋል።