የኳስ ዳኛ ሲሳሳት

ዳኛ የሚለው ቃል ለሁለት ሰው ያገለግላል። አንዱ በችሎት ተቀምጦ የሰው ጉዳይ ያያል። ሌላው ፊሽካ ይዞ በኳስ ሜዳ ይሮጣል። የችሎቱ ዳኛ ምስክር ይሰማል፤ ጽሑፍ ያገላብጣል፤ ነገሩ ካልጠራለት ቀጠሮ ይሰጣል። የኳስ ዳኛ ግን ቀጠሮ የለውም። ያየውን እዚያው ይፈርዳል። ታዲያ ይህ ሰው ሲሳሳት የሚደርስበት ቅጣት ልክ ነው ወይስ ከልክ ያለፈ? በዚህ ትምህርት ይህን እንመረምራለን።

የዳኛው ሥራ ምንድን ነው?

አንድ የእግር ኳስ ግጥሚያ 90 ደቂቃ ይፈጃል። በየወገኑ 11 ተጫዋቾች ይሰለፋሉ። ዋናው ዳኛ አንድ ነው። ሁለት ረዳቶች ባንዲራ ይዘው በሜዳው ዳርና ዳር ይሮጣሉ። በትልልቅ ግጥሚያዎች አራተኛ ዳኛም አለ። ዋናው ዳኛ ኳሷን ሲከተል 10 ኪሎ ሜትር ያህል ይሮጣል። ይህም ከመንደር ወደ ሩቅ ገበያ እንደመሄድ ነው።

ያጠፋ ተጫዋች ቢጫ ካርድ ይታይበታል። ይህ ማስጠንቀቂያ ነው። ያው ሰው ሁለተኛ ቢጫ ካየ ቀይ ካርድ ተሰጥቶት ከሜዳ ይወጣል። ዳኛው እንዳይረሳ የተጫዋቹን ቁጥር በወረቀት ይመዘግባል።

አንድ የጽሕፈት ስሕተት

ሰኔ 15 ቀን 1998 ዓ.ም. (በፈረንጆች አቆጣጠር በ2006) በጀርመን አገር፣ በሽቱትጋርት ከተማ፣ ክሮኤሽያና አውስትራልያ ለዓለም ዋንጫ ተጋጠሙ። ዳኛው እንግሊዛዊው ግራሃም ፖል ነበር። በ61ኛው ደቂቃ ለክሮኤሽያው ዮሲፕ ሺሙኒች ቢጫ ካርድ አሳየ። በ90ኛው ደቂቃ ለዚሁ ሰው እንደገና ቢጫ አሳየ። ሺሙኒች ያን ጊዜውኑ መውጣት ነበረበት። ነገር ግን አልወጣም።

ምን ሆነ? ሺሙኒች 3 ቁጥር ለብሷል። ከአውስትራልያም በኩል 3 ቁጥር የለበሰ ተጫዋች ነበር። ዳኛው ሁለተኛውን ቢጫ በአውስትራልያው 3 ቁጥር ላይ ጻፈው። ረዳቶቹም አራተኛው ዳኛም አላረሙትም። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ሺሙኒች ሦስተኛ ቢጫ ሲያይ ነው ቀይ ካርድ የተሰጠው።

ግጥሚያው 2 ለ 2 አለቀ። አውስትራልያ አለፈች፤ ክሮኤሽያ ወደቀች። ስሕተቱ አላፊውንና ወዳቂውን አልለወጠም። ቢሆንም ፖል በዚያ ዋንጫ ዳግመኛ እንዲያጫውት አልተመረጠም። በዓለም ፊት መሳቂያ ሆነ። ከዚያ በኋላ በአገሮች መካከል በሚደረጉ ታላላቅ ውድድሮች ላለማጫወት ወሰነ፤ በ1999 ዓ.ም. ደግሞ ፊሽካውን ጨርሶ አስቀመጠ። የብዙ ዓመት ልፋት በአንድ መስመር ጽሑፍ ተመዘነ ማለት ነው።

ቅጣት ዓይን አይሆንም

«ተጫዋቾቹስ አልለፉም ወይ? በዳኛ ስሕተት ለምን ይጎዳሉ?» የሚሉ አሉ። እውነት አላቸው። እኛም የተበደለ ዝም ይበል አንልም። ጥያቄው ዳኛውን ማባረር የተበደለውን ይክሳል ወይ ነው።

ሌላ ምሳሌ እንይ። ሰኔ 20 ቀን 2002 ዓ.ም. በደቡብ አፍሪካ እንግሊዝና ጀርመን ተጋጠሙ። ጀርመን 2 ለ 1 እየመራች ሳለ እንግሊዛዊው ፍራንክ ላምፓርድ የመታት ኳስ አግዳሚውን መትታ ከግቡ መስመር ወዲያ አረፈችና ተመልሳ ወጣች። ዳኛው ኡራጓያዊው ሆርሄ ላሪዮንዳም ረዳቱም አላዩም። ግቧ ሳትቆጠር ቀረች። በመጨረሻ ጀርመን 4 ለ 1 አሸነፈች። ዳኞቹም ለቀጣዮቹ ግጥሚያዎች ሳይመረጡ ቀሩ።

ልብ በሉ! ከዚያ ግጥሚያ ጥቂት ወራት ቀደም ብሎ ኳስ መስመር ማለፏን የሚናገር መሣሪያ ይግባ ተብሎ ነበር፤ የጨዋታውን ሕግ የሚያወጡት ሰዎች አልፈቀዱም። ጥፋቱ የዳኛው ብቻ ነው ወይ? መሣሪያው በ2006 ዓ.ም. ለዓለም ዋንጫ ገባ። በ2010 ዓ.ም. ደግሞ ዳኛው የተጠራጠረውን ነገር በፊልም መልሶ እንዲያይ ተፈቀደ። አንዱን ዳኛ ማስቀረት ለሚቀጥለው ዳኛ ዓይን አልሰጠውም። የረዳው አሠራሩ መታረሙ ነው።

ስሕተትና ክፋት ይለያያሉ

ሮበርት ሆይሰር የሚባል ጀርመናዊ ዳኛ ገንዘብ ተቀብሎ ግጥሚያ ሸጠ። በኅዳር 1998 ዓ.ም. ፍርድ ቤት 2 ዓመት ከ5 ወር እሥራት ፈረደበት። ይህ ቅጣት ይገባዋል እንላለን። አይቶ እንዳላየ ሆኗልና። ሆይሰርንና ፖልን በአንድ ሚዛን ማስቀመጥ ግን ፍርድ አይደለም።

ሰው ሆኖ የማይስት፣ እንጨት ሆኖ የማይጨስ የለም ይባላል። እናንተም ፊደል ቆጥራችኋል። ነገ የእድር ወይም የዕቁብ ጸሐፊ ትሆናላችሁ። የአያ እከሌን መዋጮ በእትዬ እከሊት ስም የምትጽፉበት ቀን ይመጣ ይሆናል። ያን ጊዜ «ሌባ ነው፤ ይውረድ!» ቢባል ደግሞ ብዕር የሚያነሣ ማን ይገኛል? ይልቅ ሁለት ሰው ይመዝግብ፤ በየስብሰባው ይነበብ፤ የተሳሳተው ይታረም። ቸልተኝነቱ ከተደጋገመ ይመከር፤ ካልሰማ ይቀየር። የሰረቀ ግን ለሕግ ይቅረብ።

ቅጣት በጥፋት ልክ ሲሆን ዳኛ ያየውን በድፍረት ይፈርዳል። ከልክ ሲያልፍ ግን ፈሪ ዳኛ ያፈራል። ፈሪ ዳኛ ደግሞ ብዙ ለሚጮኸው ያደላል።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. የችሎት ዳኛና የኳስ ዳኛ ሥራ በምን ይለያያል?
2. ግራሃም ፖል የተሳሳተው እንዴት ነው? ማን ሊያርመው ይችል ነበር?
3. የፖልና የሆይሰር ጥፋት ልዩነት ምንድን ነው?
4. በእድራችሁ መዝገብ ላይ ስሕተት ቢገኝ ምን ታደርጋላችሁ? ተወያዩበትና የተስማማችሁበትን በሦስት መስመር ጻፉ።