ምዕራፍ ሰባት፦ ጡሩንባው ከመነፋቱ በፊት

እድር ሰው ሲሞት ምን ማድረግ እንዳለበት ያውቃል። ጡሩንባ ይነፋል፣ ድንኳን ይተከላል፣ ወንበሩና ብረት ድስቱ ከመጋዘን ይወጣል፣ ከቀብር የቀረ ይቀጣል። ሟቹ አረቄ ጉበቱን የጨረሰው ሰው ከሆነ ደግሞ፣ ድንኳኑ ውስጥ ከተቀመጡት ብዙዎቹ ነገሩን ከዓመታት በፊት ያውቁት ነበር። ወርኃዊ መዋጮውን ማዛነፍ ሲጀምር ጸሐፊው አይቷል። ማለዳ ማለዳ እጁ ሲንቀጠቀጥ ጎረቤቱ አይቷል። ከሐኪም ቀድሞ ያወቀው እድሩ ነው፤ ታዲያ ሰውየው በሕይወት እያለ ምን ያድርግ? ይህን የነገረው የለም።

እድሩን፣ የሴቶች ማኅበሩን፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪውን ሱስ የያዘውን ሰው በሕይወት እያለ እንዲረዱ ማሰልጠን ይቻላል። አስቀድሜ አቋሜን ልናገር፦ እኔ የተገኘሁባቸው አብዛኞቹ የሱስ ሥልጠናዎች ሲያስተምሩ የዋሉት የማያስፈልገውን ነው። የጠቆረ ሳንባ ፎቶ ይታያል፣ ጫት በጨጓራና በኪስ ላይ የሚያደርሰው ይዘረዘራል፣ አበል ይፈረማል፣ ይበተናል። ጉዳቱንማ ከባለቤቱ በላይ የሚያውቀው የለም። ብሩ የወጣው ከእሱ ኪስ ነው፤ ትዳሩ የፈረሰውም የእሱ ነው። ሰልጣኙ የጎደለው እውቀት ሳይሆን አንደበት ነው፤ አንዳንዴም አንደበቱን መግታት።

አንድ ጊዜ ሰልጣኞቹን ጥንድ ጥንድ አድርጌ አስቀመጥኳቸው። ስድሳን ያለፉ የእድር ዳኛ ረዳት ሆነው፣ አንዲት የሦስተኛ ዓመት የነርስ ተማሪ ደግሞ ጠጪ ሆና እንዲጫወቱ ነበር። ዳኛው ጉሮሯቸውን ጠረጉና «ልጄ፣ ይሄ ነገር አይበጅሽም፤ የወላጆችሽን ስም አስቢና ተይው» አሉ። ልጅቷ አንገቷን ደፍታ «እሺ አባባ» አለች። ዳኛው ወደ እኔ ዞር ብለው «ይኸው፣ እሺ አለች» አሉኝ። «የእውነት ጠጪ ብትሆኚ ከዚህ ወጥተሽ ወዴት ትሄጃለሽ?» ብዬ ጠየቅኳት። «ወደ ግሮሰሪ» አለች። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እኛ ዘንድ «እሺ» ማለት ከታላቅ ጋር የተጀመረን ወሬ በክብር መዝጊያ መሆኑን ሁሉም ያውቃል።

ልጅቷን በጠጪው ቦታ ያስቀመጥኳት ያለ ምክንያት አይደለም። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ባለሙያ ዊልያም ሚለር በ1980ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) ኖርዌይ ውስጥ፣ በርገን አጠገብ ለሚገኝ የአልኮል ሕክምና ክፍል ወጣት ባለሙያዎች ያስተምር ነበር። ወጣቶቹ ታካሚ ሆነው እየተጫወቱ ያስቆሙት ጀመር፦ ይህን ጥያቄ ለምን መረጥክ? እዚህ ላይ ለምን ዝም አልክ? እሱም መልስ ሲፈልግ፣ ሳያስበው ሲከተለው የኖረውን መንገድ በቃላት ለማስቀመጥ ተገደደ። በ1983 በጽሑፍ አወጣው፤ በ1991 ደግሞ ከስቲቨን ሮልኒክ ጋር መጽሐፍ አደረገው። ዛሬ በብዙ አገር የሱስ ምክር የሚሰጠው በዚህ መንገድ ነው። ፍሬ ነገሩ አጭር ነው፦ ሰው የሚለወጠው የሌላውን ምክንያት ሰምቶ ሳይሆን የራሱን ምክንያት በራሱ አፍ ሲናገር ነው። የረዳቱ ሥራ ያንን የሚያናግር ጥያቄ መጠየቅ፣ የሰማውን መልሶ ማስተጋባት፣ ከዚያ መታገሥ ነው።

ለዳኛው ይህን ስነግራቸው ተቆጡ። «ሽማግሌ ዝም ካለ ምኑን ሽማግሌ ሆነ?» አሉ። እውነት አላቸው፤ ዕድሜ ልካቸውን ሲያስታርቁ የኖሩት በመናገር ነው። እስከ ሦስተኛው ቀን ድረስ ዓረፍተ ነገራቸው ሁሉ «ተይው» ላይ እያለቀ ተቸገርን። በአራተኛው ቀን ግን «ለመተው ሞክረሽ ታውቂያለሽ? ያን ሰሞን ምን ነበር የረዳሽ?» ብለው ጠየቋትና እጃቸውን አጣጥፈው ጠበቁ። ልጅቷ፣ ጨዋታ መሆኑን እያወቀች፣ መልስ ለመስጠት ጊዜ ወሰደባት።

ለተማሪዎቹ ችግሩ የተገላቢጦሽ ነው። የሃያ ዓመት ልጅ የአባቷን እኩያ ስለ መጠጥ እንዴት ትጠይቅ? «ጋሼ፣ ይጠጣሉ?» ካለች መልሱ «ትንሽ ትንሽ» ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ያዘጋጀው የአልኮል መለያ መጠይቅ አሥር ጥያቄዎች አሉት፤ ነጥቡ ከ0 እስከ 40 ነው፤ 8ና ከዚያ በላይ ያመጣ ሰው አጠጣጡ ለጉዳት የሚያጋልጥ ነው ይባላል። ነገር ግን መጠይቁ የሚቆጥረው በመደበኛ መጠን ነው፤ ግቢያችን ውስጥ ያለው ደግሞ ጣሳ፣ ብርሌና መለኪያ ነው። ስለዚህ «ትናንት ስንት መለኪያ ሄደ ጋሼ? ከዚያ በፊትስ ጠላ ነበር?» ብላ ትጠይቅ። ጫት ላይም ያው ነው፤ ስንት ዙርባ፣ ስንት ሰዓት ላይ ተጀመረ፣ ከምርቃናው በኋላ ለጨብሲ ምን ተጠጣ? ጨብሲውን ያልጠየቀ ሰልጣኝ ግማሹን ታሪክ ጥሎ ይመለሳል። ብዙ ሰው መጠጡን የጀመረው የጫቱን ምርቃና ለማውረድ ብሎ ነውና።

አሁን ሌላውን ሁሉ ብትረሱ መርሳት የሌለባችሁ ጉዳይ ላይ ደረስን። ለዓመታት በየቀኑ፣ ከማለዳ ጀምሮ ሲጠጣ የኖረን ሰው በአንድ ቀን ማስቆም ሊገድለው ይችላል። አልኮል አንጎልን ያፈዛል፤ አንጎልም ፍዘቱን ለመቋቋም ኃይሉን እያበዛ ይኖራል። በር ሲገፋ የቆየ ሰው በሩ ድንገት ሲከፈትለት ወደፊት ተወርውሮ እንደሚወድቀው፣ መጠጡ ሲነሳ አንጎል መቆሚያ ያጣል። በመጀመሪያው ቀን መንቀጥቀጥ፣ ላብና ማስመለስ ይመጣል፤ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት የሚጥል በሽታ ዓይነት መንፈራገጥ ሊነሳ ይችላል፤ ከሁለተኛው እስከ አራተኛው ቀን ደግሞ ሰውየው የሌለ ነገር እያየ መቃዠት ሊጀምር ይችላል። ቤተሰብ ይህን ሲያይ ጋኔን ነው ብሎ ያስራል፣ ወይም በፍቅር ተነሳስቶ በር ይቆልፋል። ጸበል መጠመቅን የምነቅፍ አይደለሁም፤ እንዲህ ያለው ሰው ግን መጀመሪያ ሐኪም ይየው። በመድኃኒት ቀስ ብሎ ማውረድ ይቻላል፤ ቫይታሚን ቢ 1ም ይሰጠዋል። ሕክምናው ያለው ሆስፒታል ነው፤ አዲስ አበባ ላይ አማኑኤል ሆስፒታል በዚህ ይታወቃል። መንገዱ ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ግን ከጤና ጣቢያ ነው።

ጫት ሲቆም እንዲህ አይገድልም። ድካምና እንቅልፍ፣ ብስጭት፣ ሐራራ፣ ሌሊት ደግሞ ዱካክ ይመጣል። ዱካክ የያዘውን ሰው «ቅዠት ነው፣ ተወው» ከማለት፣ እንደሚመጣ ቀድሞ መንገርና እንደሚያልፍ ማስረዳት ይሻላል። ልቡ እጅግ ከከፋና መኖር አስጠላኝ ካለ ግን እሱም የሐኪም ጉዳይ ነው።

ያልተማረ ሰው ይህን ሥራ ይችለዋል ወይ ለሚሉ፣ ጎዋ በተባለችው የሕንድ ግዛት የተደረገ ሙከራ አለ። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2017 ላንሴት መጽሔት ላይ ወጥቷል። የአእምሮ ሕክምና ያልተማሩ የአካባቢው ሰዎች ሠልጥነው፣ በጎጂ መጠን የሚጠጡ ወንዶችን ቢበዛ አራት ጊዜ አነጋገሩ። ከሦስት ወር በኋላ ከእነዚህ 36 በመቶው ከአደጋው ደረጃ ወረዱ፤ የተለመደውን አገልግሎት ብቻ ካገኙት ደግሞ 26 በመቶው። ተአምር አይደለም። ሱስ ሥር የሰደደባቸውም በሙከራው አልተካተቱም፤ እነሱ የሐኪም ናቸው። እኛም አገር እድሮች በኤች አይ ቪው ዘመን የታመመን ቤቱ ድረስ ሄደው ሲያስታምሙ ታይቷል። ጅማ ዩኒቨርሲቲም ተማሪዎቹን ወደ ማኅበረሰቡ ልኮ ማስተማርን መለያው ካደረገ ቆየ።

ሁለት ነገር ግን ይህን ሥራ ያፈርሰዋል። አንዱ ወሬ ነው። እኔ ራሴ በመጀመሪያው ሥልጠናዬ ምስጢር መጠበቅን በመጨረሻው ሰዓት በሩጫ ነካ አድርጌ አለፍኩት። በወሩ አንድ ሰልጣኝ የረዳውን ሰው ጉዳይ በስብሰባ ላይ «ለጸሎት» ብሎ አነሳው። ሰውየው ከእድሩ ወጣ፤ ከዚያ ወዲህ ማንንም አላነጋገረም። ጥፋቱ የሰልጣኙ አልነበረም። አሁን ምስጢርን የማስተምረው በመጀመሪያው ቀን ጧት ነው።

ሁለተኛው ምረቃ ነው። ተማሪ ሰኔ ላይ ይሄዳል፤ ሱስ ግን ሐምሌንም ነሐሴንም ያውቃል። ስለዚህ አንድን ተማሪ ብቻውን አትላኩ፤ ከሰፈሩ ነዋሪ ጋር አጣምሩት። ልጁ መጠይቁን ይያዝ፣ ነዋሪው ሰውየውን።

በሚመጣው ወር የእድራችሁ ስብሰባ ላይ አንድ ጥያቄ አቅርቡ። ለቀብር መኪና የሚከፍለው ሣጥን፣ እጁ የሚንቀጠቀጠውን አባል ጤና ጣቢያ የሚያደርሰውን ታክሲም ይክፈል በሉ። «መተዳደሪያ ደንቡ አይፈቅድም» የሚል ይነሳል። ደንቡ የሚሻሻለው በአባላት ድምፅ ነው።