«ሰብስታንስ»፣ «ኔቸር»፣ «ፐርሰን»፦ በእንግሊዝኛ ለሚያነቡ መምህራነ ትምህርተ ክርስቶስ

ትምህርተ ክርስቶስ የሚያስተምሩ ብዙ ወንድሞችና እኅቶች ለዝግጅታቸው የእንግሊዝኛ መጻሕፍትን ይጠቀማሉ። በእነዚህ መጻሕፍት ውስጥ አንባቢን የሚያሰናክለው ረጅሙና እንግዳው የፍልስፍና ቃል አይደለም፤ እርሱን በመዝገበ ቃላት እንፈልገዋለን። የሚያሰናክለው የምናውቀው የሚመስለን ተራ ቃል ነው።

«አክሲደንት» የሚለውን እንውሰድ። በጋዜጣ ላይ የመኪና አደጋ ነው። ከአርስቶትል ጀምሮ በፈላስፎች ዘንድ ግን በራሱ የማይቆም፣ በሌላ ነገር ላይ አድሮ የሚገኝ ሁኔታ ነው፦ ቀለም፣ ጣዕም፣ መጠን፣ ቅርጽ። እነዚህን ተሸክሞ በራሱ ጸንቶ የሚኖረው «ሰብስታንስ» ይባላል። በዛሬው ተራ እንግሊዝኛ ይኸው ቃል ኬሚካልን ወይም አደንዛዥ ዕፅን ያመለክታል። እንግዲህ ስለ ቅዱስ ቁርባን የሚያነብ መምህር «ንጥረ ነገር» ብሎ ቢተረጉመው፣ የኅብስቱ ኬሚካላዊ ይዘት ይለወጣል ብሎ ማስተማሩ ነው። ቤተ ክርስቲያን ይህን አላለችም። በ1215 ዓ.ም. (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው) አራተኛው የላተራን ጉባኤ የተጠቀመበትና የትሬንት ጉባኤ በ1551 ያጸናው ትምህርት የሚናገረው ስለ ነገሩ ምንነት መለወጥ ነው፤ የሚታየውና የሚቀመሰው እንዳለ ይቀራል።

ቃሉ ራሱ ታሪክ አለው። የላቲኑ «ሱብስታንሲያ» ቃል በቃል «ከሥር የቆመ» ማለት ነው፤ የግሪኩ «ሂፖስታሲስ»ም እንዲሁ። ይሁን እንጂ ላቲኖቹ በቃላቸው የሥላሴን አንድ ባሕርይ ሲያመለክቱ፣ ብዙዎቹ የምሥራቅ አባቶች በራሳቸው ቃል ሦስቱን አካላት ያመለክቱ ነበር። ስለዚህ አንዱ «ሦስት» ሲል ሌላው ሦስት አማልክት የሰማ መሰለው፤ ያኛው «አንድ» ሲል ይኸኛው የአካላት ልዩነት ጠፋ ብሎ ሠጋ። በ362 ቅዱስ አትናቴዎስ የመራው የእስክንድርያ ሲኖዶስ ሁለቱን ወገኖች ምን ማለታቸው እንደሆነ ጠየቀ፤ እምነታቸውም አንድ ሆኖ ተገኘ።

«ኔቸር» በተለመደው ንግግር ዱርና ተራራ ነው፤ በነገረ ሃይማኖት ባሕርይ ነው። በአገራችን ይህ ቃል ምን ያህል ጥንቃቄ እንደሚሻ ለማንም አይሰወርም። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ዮሐንስ ጳውሎስ 2ኛ እና የሶርያ ኦርቶዶክስ ፓትርያርክ ኢግናጥዮስ ዘካ በ1984 በፈረሙት የጋራ መግለጫ፣ የቀድሞው መለያየት የእምነትን መሠረት እንዳልነካ፣ ከቃላትና ከባህል ልዩነት እንደመጣም መስክረዋል።

«ፐርሰን»ን በተመለከተ ችግሩ በእንግሊዝኛው ብቻ አይደለም። ዛሬ እንግሊዝኛ ተናጋሪው ቃሉን ሲሰማ ከሌላው ተለይቶ የሚኖር ግለሰብ ይታየዋል። እኛ ደግሞ በትክክል «አካል» ብለን ስንተረጉም፣ ልጆቻችን የሚሰሙት ሥጋንና ሰውነትን ነው፤ «ባሕርይ»ም በጆሯቸው ጠባይ ሆኗል። «ሦስት አካላት» የተባለ ሕፃን ሦስት ሰዎች ተቀምጠው ቢታዩት ጥፋቱ የእርሱ አይደለም። ቃሉን መለወጥ አይገባም፤ ከማስጠናት በፊት ማስረዳት ግን ግድ ነው። በ1992 የታወጀው የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ትምህርተ ክርስቶስ በቁጥር 252 «ሰብስታንስ»ን፣ «ፐርሰን»ንና «ሪሌሽን»ን አንድ በአንድ ይፈታል፤ ስለ ሥላሴ የሚያስተምር ሁሉ አስቀድሞ ይህን አጭር ቁጥር ቢያነብ መልካም ነው።

በአሜሪካ የሚኖሩ ምእመናን ከ2011 መጨረሻ ጀምሮ በእንግሊዝኛው ጸሎተ ሃይማኖት «ኮንሰብስታንሺያል» ሲባል ይሰማሉ። ቃሉ በ325 የኒቅያ አባቶች ወልድ ከአብ ጋር በባሕርይ አንድ መሆኑን የመሰከሩበት የግሪክ ቃል የላቲን ትርጉም ነው።