ገላጭ ድርሰት፦ የአንጋፋ ዘማቾች የደረት ምልክት

ገላጭ ድርሰት የሚጽፍ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ የሚገልጸውን ነገር አገላብጦ ማየት አለበት። አሮጌ የደረት ምልክቶችን የሚሰበስቡ ሰዎች ይህን ልማድ ከብዙ ጸሐፊዎች ይበልጥ አዳብረውታል። አንዲት ቃል ያለ ቦታዋ ቢያገቡ ገዥ ይታለላል፤ ታሪክም ይዛባል። ስለዚህ በዚህ ትምህርት ሥራቸውን እንመለከታለን። (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ለሰሜኑ ወገን የተዋጉ ወታደሮች በ1866 በኢሊኖይ ግዛት፣ በዲኬተር ከተማ አንድ ማኅበር መሠረቱ፤ ስሙም «የሪፐብሊኩ ታላቅ ሠራዊት» ተባለ። በ1890 የአባላቱ ቁጥር ከ400,000 በላይ ደርሶ ነበር። ማኅበሩ በየዓመቱ በልዩ ልዩ ከተማ አገር አቀፍ ጉባኤ ያደርግ ስለነበር፣ ለየጉባኤው በደረት ላይ የሚሰካ ምልክት ይሠራ ነበር። የመጨረሻው ጉባኤ በ1949 በኢንዲያናፖሊስ ሲደረግ የተገኙት አንጋፋዎች ስድስት ብቻ ነበሩ። የማኅበሩ የመጨረሻ አባል አልበርት ዉልሰን በ1956 ዐረፈ።

አሁን የማኅበሩን የአባልነት ምልክት እንግለጽ። ከላይ ንስር አለ፤ ንስሩ የቆመው በተመሳቀሉ መድፎች ላይ ነው። ከንስሩ ሥር የአገሪቱን ሰንደቅ ዓላማ የሚመስል ጥብጣብ ይወርዳል። በጥብጣቡ ጫፍ ባለ አምስት ጫፍ የነሐስ ኮከብ ተንጠልጥሏል። በኮከቡ መካከል ነጻነትን የምትወክል ሴት ቆማለች፤ ከግራና ከቀኝዋ አንድ ወታደርና አንድ መርከበኛ እጅ ለእጅ ተጨባብጠዋል፤ ከፊታቸው ሁለት ሕፃናት ተንበርክከዋል። በኮከቡ ጫፎች ላይ መለከት፣ መድፍ፣ ጠመንጃ፣ ሰይፍና መልሕቅ ተቀርጸዋል፤ እነዚህም የእግረኛው፣ የመድፈኛው፣ የባሕር ኃይሉ እግረኛ፣ የፈረሰኛውና የመርከበኛው ምልክቶች ናቸው። ነሐሱ የተገኘው ከጠላት ከተማረኩ መድፎች ነው።

መግለጫው ከላይ ወደ ታች፣ ቀጥሎም ከመካከል ወደ ዳር እንደ ሄደ ልብ በሉ። አንባቢው ዕቃውን ሳያይ በሐሳቡ ሊሥለው የሚችለው በዚህ ሥርዐት ነው። «እጅግ ያማረ ጥንታዊ ምልክት» ብሎ የሚጽፍ ግን ስለ ራሱ ስሜት እንጂ ስለ ዕቃው አልነገረንም። «ጥብጣቡ በታችኛው ጠርዝ ሁለት ጣት ያህል ተቀድዷል» የሚለው ዐረፍተ ነገር ውበት የለውም፤ ነገር ግን ገዥውንም ሻጩንም ከክርክር ያድናል።

ወደ ዋጋ ስንመጣ፣ ብዙ ሰው «ያረጀ ሁሉ ውድ ነው» ብሎ ያስባል። ነገሩ እንዲህ አይደለም። በ1890ዎቹ ለነበሩት ታላላቅ ጉባኤዎች የተሠሩት ምልክቶች ብዙ ስለሆኑ ዛሬም በቀላሉ ይገኛሉ። አንጋፋዎቹ እያለቁ በሄዱበት በ1930ዎቹና በ1940ዎቹ የተሠሩት ግን ጥቂቶች ናቸው፤ ስለዚህ አዲሱ ከአሮጌው ሊወደድ ይችላል። ሌላው የዋጋ ምክንያት ጉዳት ነው። በዚያ ዘመን የነበሩ ፋብሪካዎች ሐሩ ከባድ መስሎ እንዲታይ በብረት ጨው ይነክሩት ስለነበር፣ ጥብጣቡ ከጊዜ ብዛት ደርቆ በእጥፋቱ ላይ ይሰነጣጠቃል። ነሐሱን በአሸዋና በሎሚ መወልወልም ያጎድለዋል፤ የጠቆረው ገጽ የዕድሜው ምስክር ነውና።

አንዳንድ የአካባቢ ቅርንጫፎች ጥብጣብ ሁለት ገጽ ነበረው፤ ባለቀለሙ ገጽ ለበዓል፣ ጥቁሩ ለጓድ ቀብር ይደረጋል። እዚህ ላይ ግሶቻችሁን ጠብቁ። «ጥቁሩ ገጽ ይበልጥ አልቋል» ማለት ያዩትን መናገር ነው፤ «ባለቤቱ ብዙ ጓዶች ሳይቀብር አልቀረም» ማለት ግን ግምት ነው። ሁለቱም ሊጻፉ ይችላሉ፤ መቀላቀል ግን የለባቸውም።

ይህ ጥንቃቄ የነጋዴ ጉዳይ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ከሰሜኑ ሠራዊት ጋር ወደ 180,000 የሚጠጉ ጥቁር ወታደሮች ተሰልፈው ነበር፤ ማኅበሩም በአባልነት ተቀብሏቸዋል። ብዙዎቹ ከባርነት የወጡና የመማር ዕድል የተነፈጋቸው ስለነበሩ፣ በእጃቸው የጻፉት ደብዳቤ ለልጆቻቸው አልቀረም። የቅርንጫፉ ስም ያለበት ጥብጣብና በሣጥኑ ውስጥ የተቀመጠች ብጣሽ ወረቀት የአንድ ሰው ብቸኛ ማስረጃ ሊሆኑ ይችላሉ። ወረቀቷን ጥሎ ምልክቱን ብቻ የሚሸጥ ሰው ጥቂት ገንዘብ ያጎድል ይሆናል፤ የሰውዬው ስም ግን ከዚያ በኋላ አይገኝም።

መልመጃ፦ በቤታችሁ ወይም በጎረቤት የሚገኝ አንድ አሮጌ ሜዳይ፣ ማኅተም ወይም የደረት ምልክት ባለቤቱን አስፈቅዳችሁ ተመልከቱ። ሳትወለውሉ፣ ፊቱንም ጀርባውንም አይታችሁ በሦስት ዐንቀጽ ግለጹት። በመጀመሪያው ዐንቀጽ ያያችሁትን፣ በሁለተኛው ከባለቤቱ የሰማችሁትን፣ በሦስተኛው የምትገምቱትን ጻፉ። «ውብ»፣ «ድንቅ» እና «ብርቅ» የሚሉትን ቅጽሎች አትጠቀሙ። የባለቤቱንም ስም ሙሉ አድርጋችሁ ከነአያቱ መመዝገብ አትርሱ።