ከጋሜ እስከ ሹሩባ፦ ጠጉር እንደ ዕድሜና የትዳር ምልክት

በንግሥት ቪክቶሪያ ዘመን (1837–1901 እ.ኤ.አ.) የእንግሊዝ ልጃገረድ ጠጉሯን ለቅቃ ትሄድ ነበር፤ ዐሥራ ስምንት ዓመት ገደማ ሲሆናት ግን ወደ ላይ ሰብስባ ታስይዘዋለች። በዚያው ዘመን በአገራችን በብዙ ስፍራ የልጃገረድ ምልክት ጋሜ ነበር፤ መሐል አናቷ ተላጭቶ ዙሪያው ይተዋል። ካገባች በኋላ አናቷን አሳድጋ ሹሩባ ትሠራለች፣ ቅቤም ትቀባለች።

ልዩነቱ በሐዘን ይጎላል። ንግሥቲቱ በ1861 እ.ኤ.አ. የሞቱትን የባለቤታቸውን የልዑል አልበርትን ጠጉር በጌጥ ውስጥ አኑረዋል፤ የእኛዋ ሐዘንተኛ ግን የራሷን ትላጭ ነበር። የቆየ ፎቶግራፍ የሚመረምር ሰው ስለዚህ ዙሪያውን ማየት ይኖርበታል፦ በጋሜ ጠጉር ይቀራል፣ በሐዘን ግን አይቀርም። ዛሬ ቡታጅራ ውስጥ ያገባችም ያላገባችም ሹሩባ ትሠራለችና፣ በእኔ ግምት ጥናቱ ከፎቶግራፉ ይልቅ ከአረጋውያን እናቶች ቢጀምር ይሻላል።